የዳኛዋ ቋጠሮ

አክስቴ መድረክ ላይ ከመሞት መፍረድ ይከብዳል ትላለች። «መሞትማ ምን አለው? ትወድቂያለሽ፣ መብራት ይጠፋል፣ በቃ። ፈርዶ ቀጥ ብሎ መቆም ነው ወገብ የሚፈልገው።» ይህን የምትነግረው ለአዳዲስ ተዋናዮች ነው፤ ያውም በመልበሻ ክፍሉ መስታወት ፊት ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል።

የምንሠራበት ቴአትር ቤት ከብረታ ብረት መሸጫ ሱቅ ጀርባ ያለ አሮጌ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ይንቋቋሉ። ዝናብ ሲጥል የጣሪያው ቆርቆሮ ከተዋናዮቹ እኩል ይናገራል። እኔ የዚህ ቤት አስታዋሽ ነኝ። ከመጋረጃው በስተግራ ባለች ጠባብ ጥግ፣ በአንዲት ትንሽ አምፖል ሥር ስክሪፕቱን ይዤ እቀመጣለሁ። ቃል የጠፋበት ተዋናይ ዓይኑን ወደ እኔ ሲወረውር የዓረፍተ ነገሩን መነሻ በሹክሹክታ አቀብለዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቴአትር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ስለ ትራጄዲ ነበር። ከዚያ ወዲህ አክስቴ «ምሁሩ» ብላ ትጠራኛለች። ስድብም ሙገሳም አይደለም፤ እንደ ቀኑ ይለያያል።

እሷ ከእኔ ጥግ አንድም ቀን ቃል ተቀብላ አታውቅም። «ከዚያ ጥግ የሚመጣልኝ ብርድ ብቻ ነው» ትላለች።

በዚያን ጊዜ ለሦስተኛ ዓመት የምንሠራው ተውኔት ስለ አንዲት ዳኛ ነበር። ዳኛዋ በወጣትነቷ ከጎርፍ ስትሸሽ ሕፃን ልጇን አጥታለች። ለዘመድ አታደላም፣ ለባለጸጋ አትሰግድም። ራሷ ባወጣችው ሕግ መሠረት የሞት ፍርድ ተነግሮ ከበሮ ከተመታ በኋላ ፍርድ አይመለስም። ከዓመት በፊት አንዲት እናት እግሯ ሥር ወድቃ ለልጇ ብትለምናት እንኳ አልመለሰችም። አሁን ደግሞ የከተማውን እህል ያቃጠለ አንድ ወጣት ፊቷ ይቀርባል። ትፈርድበታለች። ከበሮ ይመታል። ከዚያ ጠባቂው የወጣቱን ቋጠሮ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጣል። ስትፈታው፣ ያኔ ለሕፃኗ በገዛ እጇ ያሰረችለትን ነገር ታገኛለች። ፍርዱን ብትመልሰው የሚከለክላት ሰው የለም፤ ያቺ የለመነቻት እናት ግን ከሕዝቡ መሐል ቆማ ታያታለች። ዳኛዋ ቀና ትልና «ፍርዱ ይጽና» ትላለች። በዚያው ያልቃል።

እንግዲህ ስለ ቋጠሮው ልንገራችሁ። አክስቴ ይህን ክፍል መለማመድ የጀመረች ጊዜ አዘጋጁን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ በቋጠሮው ውስጥ ያለው ነገር በየትርኢቱ እንዲቀየር፣ ምን እንደሆነም እንዳይነገራት። «የማውቀውን ነገር ደጋግሜ እንዳዲስ ማወቅ አልችልም» አለች። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው «ይህን በእጄ ነው ያሰርኩለት» ብቻ ስለሆነ ለማንኛውም ዕቃ ይሆናል። አዘጋጁ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ቋጠሮውን የሚቋጥረው የመድረክ ዕቃ ኃላፊው ነው። ያ ሰው ደግሞ የአክስቴ ባል ነው።

በቴአትር ቤቱ ሁሉም ሰው «ጋሽ ጓዳ» ይለዋል፤ የሚፈለግ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ስለሚገኝ ነው። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የእንጨት ሰይፎች፣ የቆርቆሮ ዘውዶች፣ ገመዱ የተቆረጠ ስልክ፣ ሆን ተብሎ አንድ እግሩ የላላ ወንበር አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ምስማር ወይም የራሱ መደርደሪያ አለው። ከጋሽ ጓዳ ዕቃ መውሰድ ቀላል ነው። ቃል ማውጣት ግን ከደረቀ ጉድጓድ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። አክስቴ አዳራሽ የምትሞላ ሴት ናት፤ እሱ ከጎኗ ሲቆም ጥላዋ ይመስላል። ሰዎች እንዴት እንደተጋቡ ይገርማቸዋል። እኔን ግን ቋጠሮው ከመጣ በኋላ መግረሙን ተወኝ።

ምክንያቱም ከጥጌ ሆኜ አያለሁ። እሱ በየእሁዱ በትይዩ ካለው የመጋረጃ ጠርዝ ቆሞ የሚጠብቀው ያችን ደቂቃ ነው። አንድ ቀን በቀይ ክር የታሰረ የደረቀ አበባ አስገባ። ሌላ ቀን አፍህ በዛ ብላው ከተጣሉ በኋላ፣ እሱ እንኳን አፍ ሊበዛበት፣ አንድ የተሰበረ ፊሽካ አስገባ። እሷ ከመድረክ ስትወርድ ክርክሩ ይጀመራል።

«ዛሬ ደግሞ ማንኪያ?»

«ምን አለው ማንኪያ?»

«ጎርፍ ለወሰደው ሕፃን ማንኪያ አሰርኩለት? ውኃውን እየጨለፈ እንዲጠጣው ነው?»

«አልቅሰሻል እኮ» ይላል ጋሽ ጓዳ፣ ቋጠሮውን እያጠፈ።

«በአንተ አፍሬ ነው ያለቀስኩት።»

እንዲህ ነበሩ። እሱ በአፉ የማይላትን በቋጠሮው ይላታል፤ እሷም በሕዝብ ፊት ትፈታዋለች።

አንድ ቀን አዘጋጁ ለወጣቶቹ ስለ ትራጄዲ እንዳስረዳቸው ጠየቀኝ። ሰውየው ደግ መሆን አለበት፣ ፍጹም ግን አይደለም አልኳቸው። የሚወድቀው በክፋት ሳይሆን በስህተት ነው። ስህተቱም ብዙ ጊዜ ከዚያው ከደግነቱ፣ ከሚመሰገንበት ነገር ይወጣል። ከዚያ ነገር ይገለበጣል፤ ሊያድን ብሎ የሠራው ያጠፋል፣ ሊያረጋጋ የመጣው ያስደነግጣል። በመጨረሻ ያላወቀውን ያውቃል። ተመልካችም ለእሱ ያዝናል፣ ለራሱ ይፈራል። አክስቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ታዳምጠኝ ነበር።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«አዝራሩን ሁሉ ቆጠርከው፤ ልብሱን ግን አልለበስከውም። ልጆች፣ ትራጄዲ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ውሻው ክፉ አይደለም። መጮኹንም ጮኋል። ግን ጅቡ ሄዷል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያለችው እውነት ነበራ። ግን አንድ ነገር ይቀረዋል ብዬ አሰብኩ። «ውሻው ለምን ቀድሞ አልጮኸም?» አልኳት። «ተውኔቱ ያለው እዚያ ጋ ነው እኮ።»

ከብርቱካኑ አንድ ክፋይ ወደ እኔ ዘረጋች። «እሱን ስትደርስበት ንገረኝ፣ ምሁሩ።»

አክስቴ አንድ ልጅ ነው ያላት። ከእኔ ጋር እኩያ ነን፤ አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ክረምት ክረምት አንድ አልጋ ላይ ተገፋፍተን ተኝተናል። እሱም ተዋናይ መሆን ፈልጎ ነበር። ተውኔቱ ገና ሲታቀድ፣ የተፈረደበትን ወጣት ማን ይጫወተው ሲባል እሱ ቀረበ። አዘጋጁ አመነታና በሁላችን ፊት ወደ አክስቴ ዞረ። «ልጅሽ መሆኑን ትተሽ ፍረጂ» አላት።

«ልጄ መሆኑን ትቼማ፣ አይችልም» አለች። «ድምፁ ከደረቱ አይወጣም፤ ከጉሮሮው ነው የሚመጣው። ለጠባቂው ሚና እንኳ ይቸገራል።»

ለፍትሕ ያህል፣ እውነቷን ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ አይችልም ነበር። እሷ ለማንም አድልታ አታውቅም፤ በዚያ ቤት ሁላችንም የምናከብራት በዚህ ነው። ግን ልጁ መድረኩ ላይ እንደ ቆመ ነበር፤ የሚሸሸግበት ወንበር እንኳ አልነበረውም። ወርዶ በመሐላችን አልፎ ወጣ። ከዚያ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣና ጭነት ይዞ አገር ላገር መዞር ጀመረ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ፤ ቤት አልመጣም። የሚደውለው ለአባቱ ብቻ ነው፤ አባቱም ስልኩን ይዞ ከዕቃ ክፍሉ ጀርባ ይሄዳል። አክስቴ ስለ እሱ አትናገርም፤ ሌላ ሰው ሲያነሳም ተነስታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ብቻ፣ ልብሷን ተሸክሜ ቤቷ ስሸኛት፣ በሩን ስትከፍት ቁልፉ አልዞር አላት። መቀየር አለበት አልኳት። «አይቀየርም» አለች። ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ «ቁልፉን ይዞት ነው የሄደው» አለችኝ።

የትኛው ቁልፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም። አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለን እሷ ከሰዓት ከሰዓት ልምምድ ስለነበራት፣ የቤቱን ቁልፍ በቀይ የጫማ ክር አስራ አንገቱ ላይ ታንጠለጥልለት ነበር። እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ ትቋጥረዋለች። ስንሮጥ ደረቱ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ እኔ አልነበረኝምና እቀናበት ነበር።

እሁድ የሚቀርበው ትርኢት ከሰዓት በኋላ ነው። የዚያን እሁድ፣ ሰው ገና ሳይገባ፣ ጋሽ ጓዳ ወደ ጥጌ መጣ። ይህ በራሱ አዲስ ነገር ነበር።

«ልጁ እዚህ ነው» አለኝ።

«የት?»

«ከከተማው መውጫ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያው ጋ። ሲሚንቶ ጭኗል። ጠዋት አይቼው መጣሁ።» ከዚያ ለእሱ ረጅም የሚባል ንግግር ተናገረ። «ሩቅ አገር ሥራ ይዟል። ለዓመታት ነው። ዛሬ ሳይመሽ ይነሳል።»

«ቤት አይመጣም?»

«ትጥራኝ አለ። ራሷ። ካልጠራችኝ አልገባም አለ።»

«ታዲያ ንገራት እንጂ ጋሼ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኩ። ስሙን ሳነሳ ከክፍሉ ትወጣለች። እስኪ አንተ።»

ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄድኩ። አክስቴ የዳኛዋን ጥቁር ካባ ደርባ ቅንድቧን መሳል ጀምራ ነበር። የእሷ ደንብ የታወቀ ነው፤ ብሩሹ ፊቷን ከነካ በኋላ ከተውኔቱ በቀር ምንም ወሬ አትሰማም። ቤትሽ ተቃጠለ ቢሏት እንኳ «ከመጋረጃ በኋላ» ነው መልሷ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«የተውኔቱ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ከመጋረጃ በኋላ።»

አስቤው ነበር። ትርኢቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል፤ ጊዜ አለ። ያለ ጊዜው ነግሬያት አንገቷን ካዞረች ደግሞ መመለሻ የለውም። ለጋሽ ጓዳ ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ከመጋረጃ በኋላ የሕዝብ ናት» አለ። «የሚያቅፋት፣ የሚስማት፣ ፎቶ የሚነሳት አልቆ ለእኔ እስክትደርስ ይመሻል። ደረሰችም እንበል፤ ስሙን ስጠራ ትወጣለች።» እጁን ኪሱ ከተተና ቆመ፤ የሆነ ነገር እየጨበጠ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደ።

ትርኢቱ ጥሩ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከኋላ የቆሙም አሉ። አክስቴ ስትፈርድ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ሰው አንገቱን ያሰግጋል። እዚያ ጥግ ሆኜ ስንቴ እንደሰማኋት አላውቅም፤ እያንዳንዱ ቃል ከፊቴ ተጽፏል፤ ያም ሆኖ ዛሬ ትምረው ይሆናል ብዬ በየጊዜው ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን እንዴት እንደምታደርገው በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ልገልጽ ሞክሬ አልቻልኩም።

ከበሮው ተመታ። ጠባቂው ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፈታችው።

ከጨርቁ ውስጥ ቀይ የጫማ ክር ወጣ። ጫፉ ላይ ቁልፍ ነበር።

ጋሽ ጓዳ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጨዋታ አዋቂ አልኩት በልቤ። ተነስታ ልትወጣበት የማትችለው አንድ ቦታ ይኸው ብቻ ነበር።

ከዚያ ፊቷን አየሁ።

እጇ ቁልፉ ላይ ደረቀ። የምታውቀው ነገር ሲገጥማት የምታሳየውን ሁሉ በየእሁዱ አይቻለሁ፤ ይህን አላየሁም ነበር። ምንም አላደረገችም። ትንፋሽዋ እንኳ አይታይም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመ። ጠባቂውን የሚጫወተው ልጅ በዓይኑ ጠርዝ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ስክሪፕቱ ላይ ጣቴን አድርጌ አፌን ከፈትኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአክስቴ ቃል ላቀብል።

አላስፈለገም። «ይህን» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም፤ እንደ ደከመ ሰው የቤት ድምፅ ነበር። «ይህን በእጄ ነው ያሰርኩለት።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ መዞር ሲገባት ወደ መጋረጃው ጠርዝ፣ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቅላታል፤ አዎ፣ እሱ ነው፣ እንደሚል ሰው። ረጅም ጊዜ ተያዩ። ከመሐላቸው ያለው መድረክ ጥቂት እርምጃ ነው፤ የዚያን ጊዜ ግን ወንዝ መሰለኝ።

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ወገቧን ቀጥ አደረገች።

«ፍርዱ ይጽና» አለች።

መብራት ጠፋ። መጋረጃው ሲዘጋ አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበም፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ተነሱ፣ ወንበሮቹ ተንቋቁ። አክስቴ ግን እጅ ለመንሳት አልቆየችም። በጨለማው መድረኩን አቋርጣ ወደ ባሏ ሄደች። እኔም ስክሪፕቱን ይዤ ተከተልኳት።

«የት ነው ያለው?» አለችው።

«ከከተማው መውጫ» አለ ጋሽ ጓዳ፤ ፊቱ በራ። «መኪና ማቆሚያው ጋ።»

«መኪናው ተገልብጦ ነው?»

«የቱ መኪና?»

«ማን አነሳው? ሆስፒታል ወስደውታል ወይስ እዚያው መንገድ ላይ ነው?»

ለእኔ ከጋሽ ጓዳ ቀድሞ ገባኝ። ልጁ ያንን ቁልፍ ይዞት ሄዷል። ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ የምትጽናናውም በእሱ ነው። ሹፌር ነው፤ መንገድ የሚያመጣው አይታወቅም። ባሏ ሳምንቱን በሙሉ ስልክ ይዞ ሲሸሸግ፣ ሊነግራት ሲፈልግና ሲተወው አይታዋለች። አሁን ቁልፉ በሟች ቋጠሮ ውስጥ መጣ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከኪስ ወጥቶ ለቤተሰብ የሚመለሰው መቼ ነው?

«አክስቴ» አልኳት። «ደህና ነው። ምንም አልሆነም። በሕይወት አለ።»

አላየችኝም። ባሏን ነው የምታየው።

«ጠዋት ዳቦ በላን» አለ ጋሽ ጓዳ፤ እየተንተባተበ። «አብረን። እሱ ሁለት በላ። ቁልፉን ለእሷ ስጣት አለኝ፤ ከፈለገች ራሷ ትክፈትልኝ አለ። ካልጠራችኝ አልገባም አለ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም።»

አክስቴ የቆርቆሮ ዘውዶቹ ያሉበት ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ዘውዶቹ ከሥሯ ተንኳኩ። ከመጋረጃው ማዶ ጭብጨባው እንደ ዝናብ ይወርዳል።

«ሁለት በላ?» አለች።

«ሁለት። ከእኔም ላይ ቆረሰ።»

«አንተ ሰውዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «አፍ አልተፈጠረልህም?»

«ስናገር ትወጫለሽ» አለ። «ቋጠሮውን ግን ትተሽ መውጣት አትችዪም።»

እሱም ምን እንደሠራ ያኔ ገብቶት ኖሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ከአጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ሊያስደስትሽ ነበር እኮ» አለ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። እጇን ራሱ ላይ አደረገች፤ ቁልፉ በመዳፏና በፀጉሩ መሐል እንዳለ።

አዘጋጁ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀሽ ነው። እንደ ዛሬ ተጫውተሽ አታውቂም።»

«ዛሬ አልተጫወትኩም» አለችው። «ሂድና ታማለች በላቸው።»

ሲሄድ ወደ እኔ ዞረች። ቅንድቧ ላይ ያለው ቀለም አልተበላሸም፤ አላለቀሰችም ነበር።

«ምሁሩ፣ አንድ ቃል አጉድያለሁ?»

«አላጎደልሽም።»

«ቦታ ስቻለሁ?»

«ወደ ሕዝቡ ዘግይተሽ ዞርሽ እንጂ ሌላ የለም።»

«ልጄ ሞቷል ብዬ አምኜ» አለች፣ «አንድ ቃል ሳላጎድል ጨረስኩ። እዚያው መጮኽ፣ መጋረጃ ቀድጄ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ወገቤን አቃናሁ። እንዲህ ያለች እናት ምን ትባላለች?»

ወደ አፌ የመጣው አንድ መልስ ነበር፤ ከእሷ የሚበልጥ ተዋናይ በሕይወቴ አላየሁም። እውነት ነው፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ያ ጉልበት ከየትም አይገኝም፤ ከዓመታት ነው የሚመጣው። ግን የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም።

ራሷ መለሰችው። «ውሻው ለምን ቀድሞ አልጮኸም ብለኸኝ አልነበር? ያልጮኸው ጎበዝ ጠባቂ ነኝ ብሎ ነው። ቤቱን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ማን ምን ይለዋል? ያኔ ልጁን እዚያ መድረክ ላይ አቁሜ ስናገር፣ ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነኝ፤ አይችልም። ግን ማታ እራት ላይ ልነግረው እችል ነበር።» ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «ፀሐይ ጠልቃለች?»

«ገና ናት» አልኳት። በዕቃ ክፍሉ መስኮት የገባው ብርሃን የእንጨት ሰይፎቹ ላይ ነበር።

«ስልክ አምጣ» አለችው ባሏን።

ደወለላትና ሰጣት። ያችን ሴት እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ሞልቶ በተረፈ አዳራሽ ፊት የማትደናገጥ ሴት፣ ስልኩን እንዳይወድቅባት በሁለት እጇ ይዛለች። በስልኩ ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ሊነሳ ተዘጋጅቷል። «አቤት፣ አባባ» አለ የአክስቴ ልጅ። ከሦስት ዓመት በኋላ ድምፁን ሰማሁ፤ አሁንም ከጉሮሮው ነው የሚወጣው።

አክስቴ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። «አባባ? ይሰማሃል?» አለ ልጁ።

ከዚያ እንደማንኛውም ቃል የጠፋበት ተዋናይ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች።

በእጄ የያዝኩት ስክሪፕት ለዚህ የሚሆን ነገር አልነበረውም። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ «ና በይው» አልኳት በሹክሹክታ።

የማይረባ ቃል እንዳቀበልኳት ሁሉ ገላመጠችኝ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባትህ ዛሬ በልብ ድካም ሊገድለኝ ነበር። መጥተህ ገላግለኝ።»

በማዶ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነበር። ጋሽ ጓዳ ከወለሉ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ሦስታችንም እሱኑ እናዳምጥ ነበር። አክስቴ በመድረክ ላይ ዝምታ ስትጠብቅ እንደምታደርገው፣ ምንም ሳትጨምር ጠበቀች።

ሞተሩ ጠፋ።

«ቁልፉ የለኝም» አለ ልጁ።

«እኔ ዘንድ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የምከፍተው። ግን በሩ ያስቸግራል፤ ትንሽ ትቆማለህ።»

ካባዋን ሳታወልቅ፣ ቅንድቧን ሳትጠርግ፣ በጓሮ በር ወጣች። በብረታ ብረቱ ሱቅ አጠገብ ስታልፍ ባለ ሱቁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሳት፤ የእውነት ዳኛ መስላው ይሁን አላውቅም።

ጋሽ ጓዳ ግን ወዲያው አልተከተላትም። ዕቃ በየቦታው ሳይመለስ መሄድ አይችልም፤ ልማዱ ነው። ሰይፎቹን ሰቀለ፣ ከበሮውን ሸፈነ፣ የቋጠሮውን ጨርቅ አራግፎ አጠፈው። አዘጋጁ ብቅ ብሎ፣ ቁልፉ በጣም ሠርቷል፣ ከእንግዲህ በየትርኢቱ እሱ ይግባ አለ። ጋሽ ጓዳ ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«ቁልፉ ባለቤት አለው» አለው።

«ታዲያ ለሚቀጥለው እሁድ ምን ልታስገባ ነው?»

ጋሽ ጓዳ ኮቱን እየለበሰ ትንሽ አሰበ።

«ማንኪያ» አለ። «ማንኪያ ይሻላል።»